አጎቴን ለመስማት ታንታ ድረስ

«ቢያሳ ማን ናት?» አለችኝ የአጎቴ ልጅ በስልክ።

አራት ኪሎ ካለው መሥሪያ ቤቴ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። በጫጫታው መሀል በትክክል የሰማሁ ስላልመሰለኝ ድገሚልኝ አልኳት። ግብፅ ተወልዳ ያደገች፣ በአካል አይቻት የማላውቃት ሴት ናት፤ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ቀስ ብላ ነገረችኝ። አባቷ፣ ማለትም የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከታመመ ወዲህ አረብኛው እየጠፋበት ሄዶ አሁን ጭራሽ ትቶታል። የሚናገረው እነሱ የማይሰሙትን የልጅነት ቋንቋውን ብቻ ነው። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ጫማውን ያደርግና በሩ ጋ ቆሞ «ቢያሳ፣ ቢያሳ» ይላል።

«እናቴ አገሩ ትቷት የመጣ ሴት መስላታለች» አለችኝ። «ይኼው ታለቅሳለች። እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ።»

ያኔ ነው የገባኝ። እነሱ «ፒ» ማለት አይሆንላቸውም።

«ሴት አይደለችም» አልኳት። «ሰፈር ነው። ፒያሳ። ያደገበት ሰፈር።»

ትሳቅ ታልቅስ ያልለየሁት ድምፅ ሰማሁ።

አባቴን የት እንደማገኘው አውቅ ነበር። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የነበረው ግቢያችን ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላም፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተሳፍሮ ፒያሳ ይመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁን ሥራ የለውም፣ ካፌ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ማኪያቶውን ሲጠጣ ይውላል። «ምን ትሠራለህ እዚያ?» ስለው «ሰው አያለሁ» ይለኛል። የሚያየው ሰው ግን ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ነበር።

የሰማሁትን ነገርኩት። ስኒውን አስቀመጠና ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን መንገድ አየ።

«እኔ ካልሰማሁት ማን ይሰማዋል?» አለ። «ውሰጂኝ።»

ካይሮ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ አባቷን ጥላ መምጣት ስላልቻለች፣ በስተሰሜን በኩል በባቡር እስከሚደረስባት እስከ ታንታ ከተማ ራሳችንን ችለን መሄድ ነበረብን። አባቴ የሚያውቀው አረብኛ ልጅ ሆኖ የቀራው የቁርአን አረብኛ ነው። ታክሲው ውስጥ ከፊት ተቀምጦ በዚያው ከሹፌሩ ጋር ማውራት ጀመረ። ሹፌሩ መጀመሪያ ዞሮ አየው፤ ቀጥሎ ፈገግ አለ፤ መብራት ይዞን ስንቆም ግንባሩን ሳመው።

«አባትሽ የሚያወሩት በረመዳን ድራማ ላይ እንዳሉት የጥንት ሰዎች ነው» አለኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

ስነግረው አባቴ ደስ አለው። «ከሰማኝ ምን ቸገረኝ» አለ።

ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ መሻገር አቃተን። መኪናው መቆም የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሰዉ በመሀል በመሀሉ እየሾለከ ያልፋል። እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንቁለጨለጭ፣ አትክልት የያዘች አንዲት ሴትዮ የአባቴን ክንድ ያዘች፣ ሌላውን እጇን ወደ መኪኖቹ ዘርግታ እየተቆጣች አሻገረችን። ሳናመሰግናት ሕዝቡ ውስጥ ጠፋች። ቲኬት ስንቆርጥ፣ ባቡራችን የሚቆምበትን ስንጠይቅ፣ የጠየቅናቸው ሁሉ ወይ ይዘውን ሄደዋል ወይ ሌላ ሰው ጠርተው አስረክበውናል።

ባቡሩ ከከተማው ወጥቶ በለምለም ማሳ መሀል ሲሄድ አባቴ ከመስኮቱ ሳይዞር ማውራት ጀመረ።

«ጋሼ የሄደ ዕለት አዲስ ሱፍ ተሰፍቶለት ነበር። ግቢው ሁሉ ወጥቶ ሸኘው። ሃይማኖት ተምሮ ትልቅ ሰው ሊሆን ነው ተባለ። እኔ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ አለቀስኩ። እኔን ለምን አትልኩኝም ብዬ አባቴን ስንት ጊዜ አኩርፌያለሁ!»

«እሱ ደስ ብሎት ነበር?» አልኩት።

«እንዴት አይለው? ግብፅ እኮ ነው።»

አጎቴ ከዚያ ወዲህ አገሩን ያየው አንዴ ብቻ ነው፤ እኔ ሳልወለድ፣ አያቴም ከሞተ በኋላ። ታንታ አግብቶ፣ ወልዶ፣ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ቀረ። ለዒድ በስልክ ይገናኛሉ። አባቴ «ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ?» ይለዋል ቆሞ፣ ስልኩ ውስጥ የሚታይ ይመስል ኮፍያውን እያስተካከለ።

ታንታ ከባቡር ወርደን እነሱ ቱክቱክ የሚሉትን፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን ያዝን። የአጎቴ ልጅ በር ላይ አቀፈችን። ሚስቱ ገና ሳታናግረኝ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ታየኝ ጀመር፤ በኋላ እንደነገሩኝ የባሏን ዓይን እኔ ላይ አግኝታው ነው።

አጎቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ረጅም፣ አጥንት ብቻ የቀረው ሰው።

«ጋሼ» አለ አባቴ። «እኔ ነኝ። መጣሁ።»

አጎቴ ቀና ብሎ አየው። ነጭ ኮፍያውን አየ፣ ሽበት የወረሰውን ጢሙን አየ። ከዚያ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳና የታናሽ ወንድሙን ጉልበት ሊስም ጎነበሰ።

«አባ» አለ ጥርት ባለ አማርኛ። «አባ፣ መጡ?»

አባቴ ቶሎ ብሎ አነሳው። አጎቴ እጁን አልለቀቀም።

«አባ፣ አይላኩኝ» አለ። «ሱቁን ጠዋት ጠዋት እጠርጋለሁ። ከእንግዲህ ጨዋታ ብዬ አልጠፋም። የሰው አገር አይላኩኝ፣ አባ።»

ቋንቋውን የማይሰሙትም ልመና መሆኑ ገብቷቸዋል። አባቴ ዞሮ አየኝ። ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀናበት የኖረው ጉዞ፣ ወንድሙ አይላኩኝ እያለ እየለመነ የሄደው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ወንድሙን አቀፈና፣

«አልልክህም፣ ልጄ» አለው። «የትም አልልክህም።»

የአጎቴ ልጅ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። የሰማሁትን ነገርኳት። እሷም ለእናቷ ተረጎመችላት። እናቲቱ መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ታዲያ ከኛ ጋር የኖረው ተገዶ ነው?»

«የሚናገረው ልጅ ሆኖ ነው» አልኳት። «ያኔ እናንተን አያውቃችሁም ነበር።»

በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጫማውን አድርጎ በሩ ጋ ሲቆም፣ አባቴ «ክፈቱለት» አለ። ሁለታችን ግራና ቀኝ ይዘነው ወጣን። መንገዱ በመኪና፣ በጋሪ፣ በባጃጅ የተጨናነቀ ነው። አጎቴ ግን የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አረማመድ ነበረው።

«ጊዮርጊስን አለፍን?» አለ።

«አልፈናል» አለ አባቴ።

«እናቴስ?»

«ቤት ናት። ትጠብቅሃለች።»

አንድ ኬክ ቤት መስታወት ፊት ሲደርስ ቆመና ፈገግ አለ። «ይኼው ደረስን!» ገብተን በሽሮፕ የራሰ ኬክ አዘዝንለት። አባቴ እየቆረሰ አጎረሰው፣ አገጩን ጠረገለት። አጎቴ ሲበላ ደስ ብሎት እግሩን ያወዛውዝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እስክንመለስ ድረስ በየቀኑ ፒያሳ ሄድን።

የመሄጃችን ቀን ሲደርስ ሚስቱ፣ አጎቴ ተኝቶ ሳለ እንድንወጣ መከረችን። አባቴ እምቢ አለ። አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ያዘው።

«ወሎ ደርሼ ልምጣ» አለው። አያቴ በሕይወት ሳለ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ እንዲህ ይል ነበር።

«ይዘውኝ ይሂዱ፣ አባ።»

«መንገዱ ይከብድሃል። እመለሳለሁ።»

አጎቴ ብዙ አየው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ፣ አባ» አለ።

ቢጮህ፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር። አባቴ ደረጃውን ሲወርድ ግድግዳውን እየያዘ ነው የወረደው።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ለአጎቴ ልጅ በስልክ እየቀዳሁ ቃላት ላክሁላት፤ «ደርሰናል»፣ «እናትህ ቤት ናት»፣ «አባ ይመጣሉ»። እየደጋገመች ተማረቻቸው። አንዳንዴ እሷም ቀድታ ትልክልኛለች። አነጋገሯ የተንሻፈፈ ነው፤ ከጀርባዋ ግን አጎቴ «እሺ» ሲል ይሰማል። ረመዳን ሳይገባ አረፈ።

ኮንዶሚኒየሙ ሥር ወንበር ደርድረን ለቅሶ ተቀመጥን። ጎረቤቶቹ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ውሃ ቀዱ፣ ምግብ አመጡ። ግን ሟቹን ቀርቶ አባቴንም በቅጡ አያውቁትም። «ማን ነው የሞተው?» «ወንድሙ፣ ግብፅ የሚኖር።» ከንፈራቸውን መጥጠው ይቀመጣሉ። የድሮ ግቢያችን ሰው በየአቅጣጫው ተበትኗል።

ወደ ማታ ላይ አንዲት አሮጊት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡ። ከግቢያችን ጓሮ በኩል ይኖሩ የነበሩ፣ ከአባቴና ከአጎቴ ጋር አብረው ያደጉ ክርስቲያን ጎረቤታችን ናቸው። ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የደረሱት። አባቴ አጠገብ ተቀምጠው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ካለቀሱ በኋላ፣ «የሄደ ለት እኛ ቤት አልጋ ሥር ተደብቆ ነበር» አሉ። «የደበቅሁት እኔ ነኝ። እናቴ አግኝታ አሳልፋ ሰጠችው።»

አባቴ ቀና አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«ደስ ብሎት ሄደ እያልክ ስታወራ፣ አንተ እንኳ ይቅለልህ ብዬ ነዋ።»

አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። የወንድሙ ሞት ከተነገረው ጀምሮ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ ያን ጊዜ ገና ሰማሁት። አሮጊቷ ጀርባውን እየደባበሱ፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ፣ ሚስቱ ደግ ነበረች ወይ፣ ሲሞት ማን አጠገቡ እንደነበር ጠየቁኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ሲመሽ ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። ስመለስ ሰዉ ተነስቷል፤ አባቴ ብቻውን፣ እሳቸው ተቀምጠውበት የነበረውን ወንበር በእጁ ይዞ ቁጭ ብሏል።