ያወጣችሁትን የት አደረሳችሁት?

አያ ካረፉ አርባ ቀናቸው አለፈ። አያ የምላቸው የአባቴን ታላቅ ወንድም ነው። ከአዘዞ በታች ባለው ወንዝ እምቦጭ ለመንቀል ከእኛ ከወጣቶቹ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ።

ነቅለን ዳር ላይ ከምረን ልንሄድ ስንል መንሻቸውን ተደግፈው «ያወጣችሁትን የት አደረሳችሁት?» ይሉናል። አረሙ ውሃ ካገኘ እንደገና ይይዛል። ስለዚህ ክምሩን በመንሽ እያነሱ ጎርፍ ከማይደርስበት ጉብታ ያወጡና ሥሩን ለፀሐይ ይገለብጡታል። አንድ ቀን ደክሞኝ «ምነው አያ፣ ነገ አይደርስም?» ብላቸው «ዝናቡ እስከ ነገ እጠብቃለሁ ብሎሻል?» አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በስማቸው ዘመቻ ተጠራ። ፎቷቸው ያለበት ቲሸርት ታደለን፣ ንግግር ሰማን፣ ፎቶ ተነሣን። ብዙ ነቅለናል፣ አልክድም። ግን ውሃው ጠርዝ ላይ ከምረነው ወደ ምሳ ሮጥን። እሑድ ዘነበ፤ ወንዙ ሞልቶ ክምሩን ጠራርጎ ወሰደው። ትናንት ከታችኛው መታጠፊያ ለምለም እንዳለ ተንሳፍፎ አየሁት።

ለአስተባባሪው ደውዬ ስነግረው «ዋናው እሳቸውን ማሰባችን ነው» አለኝ። ምናቸውን ነው ያሰብነው? ልብሳችን ላይ አትመናቸው ስንውል ያችን አንዲት ጥያቄያቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ዞር ስል፣ ካረፉ ወዲህ እኔ ጋ ያለው መንሻቸው ከቤቴ በር ጥግ እንደቆመ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ላይ አይመችም ብዬ ትቼው የወጣሁት እኔ ነኝ።