በዐሥረኛው ሳምንት ተቀምጬ ሠራሁ

መጀመሪያ የተሰማኝ ከቀኝ ጎድኔ ሥር የሚከብድ ነገር ነው። ሕመም አልለውም፤ አንድ ነገር ተደግፎኝ የቆመ ይመስለኝ ነበር። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሐይቅ የተወለድኩ የወሎ ልጅ ነኝ፤ መቐለ ከገባሁ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሸሚዝ እገለብጣለሁ፣ ስፌቱን አያለሁ፣ የተበላሸውን እመልሳለሁ። ክብደቱን ከመቆም የመጣ ነው እያልኩ ወራት አሳለፍኩ። ከዚያ ምግብ አስጠላኝ፤ ቆዳዬን ያሳክከኝ ጀመር። ባለቤቴ ሰዒድ እየጎተተ ሆስፒታል ወሰደኝ።

ጠጉራቸው የሸበተ ሐኪም ውጤቱን አነበቡልኝ።

«ሄፓታይተስ ሲ ነው። ጉበትሽ ላይ ጠባሳ ጀምሯል። ግን ይድናል። ሰማሽኝ? ይድናል።»

ከየት እንደያዘኝ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ አልተገኘም። መድኃኒቱ ለዐሥራ ሁለት ሳምንት ነበር፦ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር በቀን አንድ ጊዜ፣ ሪባቪሪን ደግሞ ጧትና ማታ ከምግብ ጋር። ሪባቪሪን ፅንስ ስለሚጎዳ እርግዝና ፈጽሞ እንዳይታሰብ አስጠነቀቁኝ። የመጀመሪያውን ሁለት ወር እንደ ምንም ተወጣሁት።

በዘጠነኛው ሳምንት ጉልበቴ ከዳኝ። ሰፈራችን ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው፤ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። በተራችን ቀን የሞላሁትን ጀሪካን ላነሣ ጎንበስ አልኩ። አልተነሣም። ግማሹን ደፋሁት። ያም አልተነሣም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም። ተናደድኩ።

ንዴቱ ክፉ ነገር መከረኝ። ሰኞ ሪባቪሪኑን ሳልውጥ ወጣሁ። ማክሰኞም። ለማንም አልተናገርኩም። ረቡዕ ጧት ሰዒድ ማሸጊያውን አገላብጦ አየ።

«ዘሃራ፣ ይሄ ለምን ተረፈ?»

«መቆም አቃተኝ።»

«እንግዲያው ይህን ለዶክተሩ ንገሪያቸው። ከእኔ መደበቁ ምን ይጠቅምሻል?»

ዶክተሩ አልተቆጡኝም። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልጠው አዩ፤ ደሜን አስመረመሩ። ሄሞግሎቢኔ ወርዶ ነበር።

«ስንፍና መስሎሽ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ሪባቪሪን ቀይ የደም ሴሎችሽን እየሰበረብሽ ነው። ደም ማነስ ይባላል። መጠኑን እንቀንሰዋለን። የምንቀንሰው ግን እኛ ነን፤ አንቺ አይደለሽም። ሌሎቹን ሁለቱን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪ።»

ሥራ ላቁም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ከቻልሽ ሥሪ፤ ግን ተቀምጠሽ» አሉና ወረቀት ጻፉልኝ።

የመሥመራችን አለቃ ትርሓስ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ያንሳል። ወረቀቱን አነበበችው። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ተቆጣጣሪ ተቀምጦ ሠርቶ አያውቅም። ለምን የሕመም ፈቃድ አትወስጂም?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ቤት ከዋልኩ ከሕመሙ በቀር የማስበው ነገር እንደማይኖር ዐውቅ ነበር። በማግሥቱ ከቤቴ በርጩማ ብብቴ ሥር ይዤ ሰርቪስ ላይ ወጣሁ። ጠረጴዛዬ ጋ አስቀመጥኩት። ተቀመጥኩበት።

ትርሓስ መጣች። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ወረቀቱ አንቺ ጋ ነው። ሸሚዝ የማየው በዓይኔ ነው፣ በእግሬ አይደለም። የሠራሁትን ማታ መርምሪው። አንድ ብልሽት ካመለጠኝ በርጩማዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

ማታ መረመረችው። ከላይ እስከ ታች ገለበጠችው። ያመለጠኝ አልነበረም። በማግሥቱ ስገባ በርጩማዬ አጠገብ መደገፊያ ያለው ወንበር ቆሞ ጠበቀኝ።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ምሳ ቤት ደርሶ ነበር። ሴቶቹ ሳህናቸውን ይዘው ከገበታዬ ተነሡ። አንዷ «ይተላለፋል አሉ» ስትል ሰማሁ። ጉልበት ባይኖረኝም ድምፅ ነበረኝ።

«በደም ነው የሚተላለፈው!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰሙ። «አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ በመጨባበጥም አይተላለፍም። የፈራ ሐኪም ይጠይቅ። እኔ እዚሁ ነው የምበላው።»

ትርሓስ ከወዲያኛው ጥግ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምሳ ዕቃዬ ውስጥ የነበረው ሽሮ ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይለይም። እጇን ሰድዳ ጎረሰች። «ኣጆኺ» አለችኝ፣ አይዞሽ ማለቷ ነው። ያኔ አለቀስኩ።

የቀሩትን ሳምንታት ያለፍኩት በዘዴ ነው፤ ከሥራ ስመለስ ማጀት ከመግባቴ በፊት ግማሽ ሰዓት እተኛለሁ፣ ውሃውን ሰዒድ ይቀዳል፣ ነፋሻ ሲሆን እስከ አስፋልቱ ድረስ ቀስ ብዬ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። የመጨረሻዋን ፍሬ የዋጥኩ ዕለት ድካሙ አብሮ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ለቀቀኝ፣ በሁለተኛው ወር ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ማረፍ እንደተውኩ ያስተዋልኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ከጨረስኩ ከዐሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ደሜ እንደገና ተመረመረ። «ቫይረሱ የለም» አሉኝ ዶክተሩ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። ጉበቴ ጠባሳ ስላለበት በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እነሣለሁ።

ሰዒድን፣ ዶክተሩንና ትርሓስን አመሰግናለሁ፤ አላህ ይክፈላቸው። አሁን መድኃኒቱን ለጀመራችሁ የምለው አለኝ። ምላጭና መርፌ ከሰው ጋር አትጋሩ። ከዳናችሁም በኋላ የአንቲቦዲ ምርመራ ፖዘቲቭ ይላችኋል፤ አትደንግጡ፣ የቫይረሱን ምርመራ ጠይቁ። ድካሙ ሲብስባችሁ ደማችሁን አስመርምሩ እንጂ ራሳችሁን አትስደቡ። መጨረሻው ላይ ነው የሚከብደው፤ እኔን ሊጥለኝ የነበረው የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ስለዚህ ሲያቅታችሁ ተኙ፣ ሥራችሁን ለሰው አካፍሉ፣ ሰነፍ የሚላችሁም ይበል። ኪኒናችሁን ግን ዋጡ።