ጎማ ማከኩን የተወበት ዓመት

እትዬ ቀስታ የምንላት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። እኔ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጬ ትኬት እቆርጣለሁ፤ እሷ ከፊት መሪውን ይዛለች። ስሙን ያወጡላት ተሳፋሪዎች ናቸው። ፍሬን ስትይዝ የቆመ ሰው እንኳ አይንገዳገድም፤ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ደግሞ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ያቀፈች ይመስል ትጠነቀቃለች። የቸኮለ ሰው «በእግሬ ብሄድ እስካሁን እደርስ ነበር» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ዞር ሳትል «እግርዎ እንዳይደክም ብዬ ነው» ትለዋለች።

ባሏ በእኛው ጋራዥ መካኒክ ነበር። ውሻውን ያመጣውም እሱ ነው። አንድ ጠዋት ከአሮጌ ጎማ ክምር ውስጥ ጥቁር ቡችላ ክብ ሠርቶ ተኝቶ አገኘና በሥራ ልብሱ ጠቅልሎ ወደ ቤት ወሰደው። ስሙም በዚያው ጎማ ሆነ። ጎማ አድጎ በር መጠበቅ ሲጀምር ባልየው በልብ ሕመም በድንገት አረፈ። ልጅ አልወለዱም ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷ፣ ውሻው እና አማቷ ብቻ ሆኑ።

አማቷን ሰፈሩም እኛም እማማ ነው የምንላቸው። አንድ ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ ወደ እህታቸው መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም። እሷም ሂዱ አላለቻቸውም። ሁለቱ ሴቶች ተከባብረው፣ ግን ከእግዜር ይመስገን እና ከደህና እደሩ ብዙም ሳያልፉ በአንድ ጣሪያ ስር ይኖሩ ጀመር።

የጎማ ማከክ ከጆሮው ስር ነው የጀመረው። መጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ውሻ መቼስ ያካል። ቀስ እያለ ግን ወደ ብብቱና ወደ ሆዱ ወረደ። መዳፉን ሲልስ ይውላል፤ ጎኑን ከግድግዳው ጋር ሲፈትግ ቀለሙ ተላጠ። ጆሮው ጋለ፣ ፀጉሩ ረገፈ፣ ከስር ያለው ቆዳ ጠቁሮና ወፍሮ የዝሆን ቆዳ መሰለ። ጠረኑም ተለወጠ። እንግዳ ቤት ሲገባ አፍንጫውን በዘዴ ያዝ ያደርጋል።

እሷ ያልሞከረችው የለም። የቁንጫ ዱቄት ነሰነሰችበት፤ በልብስ ሳሙና አጠበችው፤ በጨው ውሃ ዘፈዘፈችው። አንድ መድኃኒት ቤት ወስዳው መርፌ ወጉላት። ለጥቂት ሳምንት ተሻለው፣ እሷም እፎይ አለች፤ ከዚያ የመርፌው ኃይል ሲያልቅ ብሶበት ተመለሰ። ጋራዥ ውስጥ ያሉት ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው፣ ድራሹ ይጠፋል ብለው በቆርቆሮ ቀድተው ሰጧት። ይዛ ስትገባ እማማ በር ላይ አስቆሟትና፣ ወለሉን ታበላሺብኛለሽ፣ ውሻውም ልሶት ይሞታል ብለው አስመለሷት።

አንድ ቀን እማማ ቁርጡን ተናገሩ። ይህ ውሻ ከዚህ ቤት ይሂድ አሉ። ምክንያት አልጨመሩም። እትዬ ቀስታ አልተከራከረችም፤ ግን ውስጧ ቆሰለ። በማግስቱ መነሻው ጣቢያ ላይ ቆመን ተሳፋሪ ስንጠብቅ፣ የባሌ ነገር ሆኖ የቀረኝ እሱ ነው፣ እሱንም ጠሉብኝ አለችኝ። ከከተማው ዳር ያለ አንድ የመጋዘን ጥበቃ፣ ውሻ እፈልጋለሁ ብሎ ነበርና ከእሱ ጋር ተነጋገረች። በእረፍት ቀኗ መጥቶ ሊወስደው ተቀጣጠሩ።

ከዚያ ቀን በፊት ባለው ቀን የአውቶቡሳችን ራዲያተር ፈላ። መንገድ ዳር አቁመን ተሳፋሪውን ወደ ሌላ አውቶቡስ አሳፈርን፤ መካኒኮቹም ጎትተው ወሰዱት። ለዕለቱ ትርፍ አውቶቡስ አልነበረምና ወደየቤታችን ሄድን። እሷ በሥራ ቀን በዚያ ሰዓት ቤቷን አይታው አታውቅም።

የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ እማማ ከሳሎኑ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጎማ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ ጥሏል። ሦስቱ እግሮቹ ላይ የሰው ካልሲ ተደርጎለታል፤ አራተኛውን እማማ እያጠለቁ ነው። ካልሲዎቹ የባሏ ናቸው። እንዳይወልቁ ጫፋቸው ላይ ላስቲክ ተሰፍቶባቸዋል፤ የእማማ መርፌና ክርም አጠገባቸው አለ። ጎማ ለእሷ ጆሮውን እንኳ ሳይታገል አስነክቶ የማያውቅ ውሻ፣ ጨዋ ሆኖ እግሩን ሰጥቷል።

«በሰላም ነው በዚህ ሰዓት የመጣሽው?» አሉ እማማ።

ስለ ራዲያተሩ ነገረቻቸው። ቦርሳዋን አስቀምጣ እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች። ጠዋት እሷ ስትወጣ ካልሲውን እያጠለቁ፣ ከመመለሷ በፊት እያወለቁና እያጠቡ ሰንብተው ኖሯል።

«እማማ፣ ይሂድ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

አሮጊቷ መጀመሪያ ላስቲኩን አስተካክለው ጨረሱ።

«ልጄም ሕፃን ሆኖ እንዲህ ያክ ነበር» አሉ። «ክንዱ መታጠፊያ ላይ፣ ጉልበቱ ስር፣ ደም እስኪወጣው። እጁ ላይ ካልሲ አጥልቄ፣ እያባበልኩ ነበር የማስተኛው። ይኼ ውሻ ግድግዳው ላይ ሲታከክ የሚሰማኝ እሱ ነው። ይሂድ ያልኩት ጠልቼው መስሎሽ? ጆሮዬ አልችል ብሎኝ ነው።»

እትዬ ቀስታ ከባሏ ጋር ያን ያህል ዓመት ስትኖር ይህን አታውቅም ነበር። ክንዱ መታጠፊያ ላይ የነበረውን የገረጣ ምልክት ሁልጊዜ ጋራዥ ውስጥ የተቃጠለው ይመስላት ነበር። እሱም ነግሯት አያውቅም።

«ታዲያ እንዴት ዳነ?» አለች።

«እያመላለስኩ አሳክሜው ነዋ። በአንድ ቀን አይደለም የተወው። አንቺ ደግሞ አንዴ ይህን ስትቀቢ፣ አንዴ ያን ስትነሰንሺ ከረምሽ እንጂ ቆዳውን አይቶ ይህ ነው የሚልሽ ሰው ጋ አልወሰድሽውም።»

«ነገ ሰውየው ሊወስደው ይመጣል።»

«አትምጣ በይው።»

በማግስቱ ሦስቱም እንስሳት ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው። ጎማን ጠረጴዛ ላይ አውጡት አላለም፤ እሱ ራሱ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ውሻው ሽታውን እስኪለምድ እጁን ዘርግቶ ጠበቀው። ከዚያ የጎማን ጣቶች ከፈተ፣ ጆሮውን አየ፣ ቆዳውን በስለት ፋቅ አድርጎ ወሰደ፣ ፕላስተር የመሰለ ነገር ለጥፎ አነሳና ማይክሮስኮፕ ስር አደረገው። እማማ እኔም ልይ አሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ ብለው ቆዩና፣ ይኼ ሁሉ ነጠብጣብ ያለ ኪራይ ነው እሱ ላይ የሚኖረው ብለው ሐኪሙን አሳቁት።

የእከክ ተባይ አላገኘም። ቆዳው በመታከክ ብዛት ቆስሎ ጀርምና ፈንገስ ገብቶበታል፤ ጠረኑም ከዚያ የመጣ ነው። እሱን በክኒንና በመድኃኒት ሻምፑ እናጠፋዋለን አለ። ግን ያ ላይ ላዩን ነው፤ ከስር ማሳከኩን ያመጣው አለርጂ ይመስለኛል ብሎ ስለ ምግቡ ጠየቀ። እትዬ ቀስታ በኩራት ነገረችው። የጋራዡ ክበብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ባሏን ትወደው ነበርና፣ እሱ ካረፈ ጀምሮ የተረፈ የዶሮ ሥጋና እንቁላል በየቀኑ ለጎማ ትቋጥርላታለች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ሆኖም ነው ብሎ አልደመደመም፤ እንፈትነው አለ። ለሁለት ወር ያህል በልቶት የማያውቀውን ዓሣ ከድንች ጋር ቀቅለው ብቻ እንዲሰጡት፣ ምግቡ እንዳይጎድልም የሚጨመር ዱቄት ሰጣቸው። ከዚያ ውጭ ፍርፋሪ እንኳ አፉ እንዳይገባ አደራ አላቸው።

ይህን ለክበቡ ሴትዮ መንገር ለእትዬ ቀስታ ከሁሉ ከበዳት። ሴትዮዋ በደግነት የቋጠረችው ጎድቶት ሊሆን ይችላል ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? እንደ ምንም ነገረቻት። ሴትዮዋ ግን፣ ዓሣ በምንቀቅልበት ቀን ሳልቀምም በፊት ላስቀርለታ አለች፤ አደረገችውም።

ገላ ማጠቡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነበር። ሻምፑው እንደተቀባ አሥር ደቂቃ መቆየት አለበት። እሷ ታሻለች፣ እማማ አንገቱን አቅፈው ይይዛሉ። ጎማ ራሱን ባራገፈ ቁጥር ሁለቱም አረፋ በአረፋ ይሆናሉ። ያን አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆን ወሬ ተጀመረ። እማማ ልጃቸው በልጅነቱ የግድግዳ ሰዓት ፈታቶ መግጠም ሲያቅተው አልጋ ስር እንደደበቀው ነገሯት። እሷም መጀመሪያ የተዋወቁ ዕለት አውቶቡሷ ምንም ሳይሆን እየደጋገመ ይመረምርላት እንደነበር ነገረቻቸው። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነበር የሚያውቁት፤ ሰውየውን እዚያ ባልዲ አጠገብ ገጣጠሙት።

ጠረኑ መጀመሪያ ጠፋ። ከዚያ ቅርፊቱ ወደቀ። ሆዱ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ ስስ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። የመጀመሪያው ወር ከተጋመሰ በኋላ አንድ ከሰዓት ጎማ ከእራፊ ምንጣፉ ላይ ተዘርሮ ሳያክ ሲያንኮራፋ እማማ አዩት። መነሻው ጣቢያ ላይ ቆመን ሳለ በስልክ ደውለው «ተኝቷል» ብቻ ብለዋት ዘጉት። እሷ ስልኩን እንደያዘች መሪው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ሳይ ደንግጬ ምን መጣ አልኩ፤ የደስታ ነው አለችኝ።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ጎማ አጥሩን ሾልኮ ከጎረቤት ዶሮዎች ጎጆ እንቁላል ሰርቆ በላ። በነጋታው ጆሮው ቀላ፣ መዳፉንም መላስ ያዘ። ሁለቱ ሴቶች ድካማችን ሁሉ ገደል ገባ ብለው ተክዘው ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ሐኪሙ ግን ፈገግ አለ። ትንሽ ቆይቼ እኔው ራሴ እንቁላል አብሉትና እንየው ልላችሁ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ አላቸው። ያን ቀን ነው አለርጂው ከምግቡ መሆኑ የታወቀው።

ጎማ ፈጽሞ ድኗል ማለት አይደለም። አቧራ በሚበዛበት ወቅት ብብቱ ስር መለስ ይልበታል። ሐኪሙም ይህ ዓይነቱ ሕመም የሚይዙት እንጂ የሚነቅሉት አይደለም ብሏቸዋል። ሻምፑው ግን ቤት አለ፣ የሚያሽ እጅም አለ። ጎማ ዛሬ ፀጉሩ ሲያብለጨልጭ ላየው በጫማ ቀለም የተወለወለ ይመስላል።

እትዬ ቀስታ ሐኪሙን ልታመሰግነው ሄዳ ቃል አጥሯት ነበር። እሱ ቀለል አድርጎ፣ ሕክምና የሚጀምር ሰው ብዙ ነው፤ እናንተ ግን ሳትሰለቹ ተመላለሳችሁ፣ ያዳነውም እሱ ነው አላት። እኔንም ሰው ደግ ነው፣ ዙሪያዬን ስላላየሁ ነው ብቻዬን የመሰለኝ ትለኛለች። ወጥ ቤቷንም፣ ውሻው ሲቀርበት ያልተከፋውን የመጋዘን ጥበቃም፣ የፈላውን ራዲያተር ሳይቀር ታመሰግናለች።

ባለፈው ሳምንት እማማ ሻምፑ ሊገዙ በእኛው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ልክ ከሾፌሯ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረች ሴት ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ በሙሉ የጎማን ቆዳ ታሪክ ከጆሮው እስከ ጭራው ሰማ። ሴትየዋም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የእኔም ውሻ ሲያክ ነው የሚያድረው፣ መላው ጠፍቶኛል አለቻቸው። እማማ ሌላ አልጠየቋትም። ክሊኒኩ ያለበት ፌርማታ ሲደርስ ቦርሳቸውን አንጠለጠሉና፣

«ተነሽ፣ ዶክተሩን ላሳይሽ» አሏት።

ሴትየዋ መውረጃዋ ገና ነበር። ቢሆንም ተነሥታ ክንዳቸውን ደግፋ አብራቸው ወረደች።