ከሙት ዓመቱ በፊት የተነሳሁት ፎቶ

ረሃቡ ጋብ ሲል፣ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ ዘማች ተማሪዎች መካነ ሰላም ገቡ። ከእነሱ አንዱ ልጄን ያስተምራት ነበር። ካሜራ ነበረው። ፊልሙ ጥቂት ስለሆነ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፎቶ ብቻ እንዲያነሳ ፈቀደ። «እኔ ማን ነኝ? ምን ይሰማኛል?» የሚለውን በፎቶ አሳዩ አላቸው።

ልጄ ቤት መጥታ አንቺን ነው የማነሳው አለችኝ። እንቢ አልኳት። የእርዳታ ስንዴ ተሰልፈን ስንጠብቅ እንግዶች እየመጡ ያነሱን ነበር። ዳግመኛ ካሜራ ፊት አልቆምም ብዬ ነበር። ደግሞም ሐዘን ላይ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሟ በረሃቡ መጨረሻ፣ እሸት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አርፏል።

የከለከልኳት ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ አላለቀሰችም፤ ስሙንም አልጠራችም። ረስታዋለች ብዬ በልቤ ቂም ይዤባት ነበር። ይህንን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ለሞተው ስታዝኚ በሕይወት ያለችውን አትከልክያት። ሂጂና ቁሚላት» አሉኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ቆምኩ። ነጠላዬን በሐዘን ደንብ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ነበር የለበስኩት። ልጄ ካሜራውን ይዛ፣ ፀሐዩ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ወዲያ ወዲህ ታዞረኛለች።

«በግ ልትገዢ ነው እንዴ?» አልኳት።

ዘማቹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ዘማቹ የከተማ ልጅ ነው። በቅንነት፣ ጥለቱን ወደ ታች ቢያደርጉት ያምርብዎታል አለኝ። መምህር ነውና አላሳፍረውም ብዬ ነጠላውን ልገለብጥ እጄን አነሳሁ።

«ተይው እማ» አለች ልጄ። «ሙት ዓመቱ ገና ሃያ ሦስት ቀን ይቀረዋል።»

በልቤ ቆጠርኩ። ልክ ነበረች። ቀኑን የምቆጥር እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዘማቹ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሷም አነሳችኝ። ፊልሙ ደሴ ታጥቦ እስኪመጣ ብዙ ቆየ፤ ፎቶው ዛሬም አለኝ። ተንቀሳቅሼ ኖሮ ፊቴ ትንሽ ደብዝዟል። እግዚአብሔርን የማመሰግነው ግን የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ስለተነጋገርነው ነው። ለሙት ዓመቱ ምን እንደምናደርግ ጠየቀችኝ። ካህናቱ ፍትሐት ያደርሱለታል፣ ለጎረቤትም ንፍሮ እንቀቅላለን አልኳት።

ጥቂት እንደሄድን ዞር ብላ፣ «ባቄላ አይግባበት» አለች። «አይወድም ነበር።»

እውነቷን ነው። በዚያ ረሃብ እንኳ ከንፍሮው ባቄላውን እየለቀመ ለእሷ ያስቀርላት ነበር።