የእናኑ ባል በመጽሐፍ የሞተ ጊዜ

እናኑ ድምፅዋ ከጎረቤት አጥር አልፎ የማይሰማ ሴት ነበረች። ባሏ ቢሆነኝ ግን በአገር የታወቀ ነው። በእርሻ እንደ ማንም ሰው ሲሆን፣ ገና ሲደርስ ቆልማማ ዱላውን ይዞ እሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ ማሳደድ ከጀመረ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት ከወጀት እስከ ቡሬ የሚገታው አልነበረም። አንድ ዓመት የመታት እሩር የደብሩን የጠላ ጋን በሳች። ሰው ስለ ፈሰሰው ጠላ ሳይሆን ስለ ምቱ ሲያወራ ከረመ።

ቡሬ የሰፈረው የጣሊያን ሻምበል ደግሞ የመጽሐፍ ሰው ነበር። ወታደሮቹ ዱቄት አነሰን እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ እሱ በአንዲት በቅሎ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት ጭኖ ይዞራል፤ አንዱ ስለ ምልክቶች ፍቺ፣ አንዱ ስለ መነኮሳት ሥርዓት፣ አንዱ ስለ ዓለም ጨዋታዎች ታሪክ። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸፈኑት መጻሕፍቱ ናቸው፣ ቀጥሎ በቅሎዋ፤ ወታደሩን ዝናቡ ይደበድበዋል። በዓይኑ ያየውንም ቢሆን መጽሐፉ ካልመሰከረለት አያምንም።

ታዲያ የጨዋታው መጽሐፍ ስለ ገና አንድ ቃል እንደሌለው ሲያይ፣ ራሱ ሊጽፍበት ቆረጠ። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ አስተርጓሚው ዑስማን መልእክት ይዞ መጣ። ዑስማን የቡሬ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ጣልያንኛውን የለመደው ምጽዋ ሲመላለስ ነው።

«ቢሆነኝ ለገና ቡሬ ይምጣና በሹማምንቱ ፊት ይጫወት ብሏል። ቁመቱም ይለካል፣ ፎቶግራፍም ይነሣል።»

«ባይሄድስ?» አለች እናኑ።

«ይታሰራል፣ እትዬ።»

«ቢሄድስ?»

ዑስማን ወደ ጫካው ተመለከተ። አርበኞቹ፣ ለጣሊያን የተጫወተ ከባንዳ እኩል ነው ብለው ልከው ነበር። ዱር እንዳይገባ ደግሞ፣ ዱር የገባ ሰው ቤቱ ይቃጠላል። ቢሆነኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። እናኑም ባሌን በአንዱ ወይ በሌላው ላጣው ነው እያለች ስትብሰለሰል ሰንብታ፣ በአራተኛው ቀን ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች።

«አባ፣ ሰው በሕይወት ሳለ ፍትሐት ይፈታለት የለ?»

«ለሚመነኩስ ሰው፣ አዎ» አሉ አባ ክንፈሚካኤል። «ለዓለም ሞተ ማለት ነው።»

«እንግዲያስ ለቢሆነኝ ይፍቱለት።»

«ቢሆነኝ? ዐርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መታገሥ የማይችለው?»

«ያመንኩሱት አላልኩም። ቆቡን ይተዉትና ፍትሐቱን ይፍቱለት። ሰው ይይ።»

አባ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ፍትሐት ማንንም ጎድቶ አያውቅም አሉ።

ቢሆነኝ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁርበት ተነጥፎለት ተጋደመ፣ በነጠላም ተሸፈነ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ አክስቱማ ጥቂት አበዛችው። ከጸሎቱ መካከል ሟቹ ከነጠላው ሥር አስነጠሰ። አገሩ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ይማርህ» አለው። በማግሥቱ ቢሆነኝ ከገደሉ ማዶ ወዳለው ገዳም ተሻገረ።

ሻምበሉ የቢሆነኝን መቅረት ሲሰማ ከነበቅሎው እናኑ ቤት መጣ። ሽማግሌዎቹ በፊቱ ቆመው፣ «ፍትሐት ሲፈታለት በዓይናችን አይተናል» ብለው በገብርኤል ማሉ።

«ገዳም ውስጥ ሲንቀሳቀስ ታይቷል» አለ ሻምበሉ።

ሻምበሉ የመነኮሳቱን መጽሐፍ አስወርዶ ገለጠ። ጣቱ መስመር ለመስመር ስትሄድ ቆይታ አንድ ቦታ ላይ ቆመች፤ ፊቱም በራ። መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነው ይላል መጽሐፉ፤ ፍትሐትም ይፈታለታል። ቢሆነኝን ከነሕይወቱ ቢያገኘው ያን ያህል ደስ አይለውም ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የገና ዱላ አየና ደግሞ የምልክቱን መጽሐፍ ገለጠ። ቆልማማ በትር የጳጳስ ምልክት ነው ተብሎ ተጽፏል። ለካስ ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ለምንኩስና ሲጠራ ኖሯል።

ወዲያው ግን ግንባሩን ቋጠረ። ያለ ሚስት ፈቃድ ምንኩስና የለም የሚል መስመር አገኘ።

«ፈቅደሻል ወይ ይልሻል» አለ ዑስማን።

እናኑ መሬት መሬት እያየች፣ «እኔስ ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሮ ፈቅጃለሁ፤ የዘገየው እሱ ነው» አለች።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሻምበሉ ቃሏን አንዲት ሳያስቀር ጻፈና፣ በጨዋታው መጽሐፍ ላይ ከቢሆነኝ ስም ሥር «ሞቷል» ብሎ አሰመረበት።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት እናኑ ማሳዋን በደቦ እያሳረሰች፣ ባሏን በክብረ በዓል ቀን ብቻ ከሩቅ እያየች ኖረች። በሠላሳ ሦስት ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲሄድ ቢሆነኝ ከገዳሙ ወረደ። ደጁ ላይ ሽማግሌዎቹ ጠበቁት።

«አንተ ሙት ነህ» አሉት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ገብረሰንበት። «በገብርኤል ምለናል። ብትገባ ሐሰተኞች መሆናችን ነው፤ እዚያው ተመለስ።»

«ቆብ እኮ አልደፋሁለትም» አሉ አባ ክንፈሚካኤል።

«የሻምበሉ መጽሐፍ እንኳ መስክሯል፣ አባ!»

እናኑ ከቤት ወጣች።

«አባቴ ገብረሰንበት፣ ፍትሐት አይተናል ብላችሁ ማላችሁ፤ አይታችኋል። ሞተ ያለው የሻምበሉ የጨዋታ መጽሐፍ ነው። ዑስማን እንደ ነገረኝ ያው መጽሐፍ ገናን የጣሊያን ግዛት ጨዋታ ይለዋል። በዚህኛው ካመናችሁ በዚያኛውም እመኑና፣ ባሌ ሙት ይሁን።»

አቶ ገብረሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወዲያው ከብቶቻቸው ትዝ አሏቸው። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ቢሆነኝ ገባ። በማግሥቱ ማለዳ ማንም ሳያዘው፣ በገዳም ረድእነት እንደለመደው፣ እንስራ አዝሎ ወንዝ ወረደ። ወንድ ልጅ እንስራ ሲያዝል አይቶ የማያውቅ አገር ጉድ አለ፤ የወንዙ ሴቶችም በሳቅ ፈረሱ። እናኑ ቤቷ ተቀምጣ ፈትሏን ትፈትላለች፤ ተው አላለችውም።