የግሉኮስ ቱቦና የየቡ ዳገት

ባለፈው ሰሞን ሆዴን አሞኝ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ግሉኮስ ሰቀለችልኝና ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ማጥበቂያ በአውራ ጣቷ እያንከባለለች ጠብታውን መጠነችው። ዞር ስትልልኝ እኔም እጄን ሰድጄ ማጥበቂያዋን ነካ ነካ አደረግኋት። ወደ ታች ሳንከባልላት ጠብታው ቀጥ ይላል፤ ወደ ላይ ስመልሳት ይንጠባጠባል። ነርሷ ድንገት ተመልሳ፣ "አባባ፣ ምነው እንደ ሕፃን! አይንኩት እንጂ!" ብላ ተቆጣችኝ። በዚህች ዕቃ ምክንያት ነርስ ስትቆጣኝ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በየወረዳው እየዞረ ክትባት ለሚሰጥ ቡድን ሾፌርም መካኒክም ሆኜ ተመደብኩ። ቡድን ሲባል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ። እኔና ሲስተር ዘይነብ ብቻ ነን። መኪናም የለንም፤ ያለችን ከጎኗ ሰው መጫኛ የተቀጠለላት አንዲት ሞተር ብስክሌት ናት። ሲስተር ዘይነብ የአጋሮ ልጅ ነች፣ በጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ስነዳ እሷ ክዳኑ በደንብ የማይገጥመውን የበረዶ ሳጥን ታቅፋ ከጎን ትቀመጣለች።

ያችን ሞተር ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሁለት ሲሊንደር አላት፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፤ ለየራሳቸውም ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ የሚያጠጣቸው ካርብራተር አላቸው። ሁለቱ ካርብራተሮች እኩል ካልሠሩ አንዱ ሲሊንደር ይጎትታል፣ ሌላው ይጎተታል። ሞተሯ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ስታይ ትለግማለች። የእኛዋ ደግሞ ዛሬ ብትስተካከል ሳምንት አትቆይም።

ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ጋራዥ የነበራቸው ጋሽ ወርቁ እሷን ለማስተካከል መሣሪያ አይፈልጉም ነበር። ሞተሯን ያስነሡና ከኋላ ቁጢጥ ብለው ሁለት መዳፋቸውን በሁለቱ ጭስ ማውጫዎች ፊት ይዘረጋሉ። የሚመታቸውን ጭስ እያመዛዘኑ "ግራውን ትንሽ... ተው በዛ... ቶሌ፣ በቃ!" ይሉኛል፤ እኔ በካቻቢቴ አዞራለሁ። ወዲያው ትሰክናለች። ግን ቡና ሲደርስ ጋሽ ወርቁን ማን ያገኛቸዋል? የየማኅበሩ የቡና መፈልፈያ ሁሉ የሚበላሸው በዚያው ሰሞን ነው። አንዴ አጋሮ ናቸው፣ አንዴ ሊሙ። ከተማ የገቡ ዕለት ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ። ባገኘኋቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ "ነገ።" ኅዳር እስኪገባ ድረስ ስንት "ነገ" እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጨረሻ የራሴን መሣሪያ ልሠራ ቆርጬ ተነሣሁ። አስተማሪያችን አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ስሎ አሳይቶን ነበር። ውስጡ የሚታይ ቱቦ እንደ "ሀ" ታጥፎ ጣውላ ላይ ይታሰራል፤ ግማሹ ድረስ ዘይት ይገባበታል። ሁለቱ ጫፎች ከሁለቱ ካርብራተሮች ሥር ይሰካሉ። በኃይል የሚስበው ወገን ዘይቱን ወደ ራሱ ያወጣዋል፤ ዘይቱ ግራና ቀኝ እኩል እስኪቆም ድረስ ብሎን ማዞር ነው። ጣውላ ከመሠረተ ትምህርት የተረፈ የጥቁር ሰሌዳ ስባሪ አገኘሁ። ከካርብራተሮቹ ሥር ሁለት ቀዳዳ በስቼ ከተሰበረ የላምባ ምድጃ የነቀልኳቸውን ቀጫጭን የናስ ቱቦዎች ተከልኩባቸው። የግሉኮስ ቱቦውን፣ ጊዜው ያለፈበትን፣ ሲስተር ዘይነብ አመጣችልኝ።

"ማጥበቂያዋን እንዳትጥላት፣ ማሎ፣ እባክህ። ትፈለጋለች" አለችኝ።

"ሲስተር፣ ይሄ በሽተኛ አይደለም እኮ። ሞተር ነው" አልኳት። ማጥበቂያዋን ከቱቦው አውጥቼ አወቱ መንደራ ሰፈር ከተከራየሁበት ቤት በር ላይ ካለው ቦይ ወረወርኳት። ለምን እንደምትፈለግ እንኳን አልጠየቅኋትም።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ አደረገኝ። ሞተሯን ሳስነሣ ዘይቱ ሁለቴ ዘለለና ሹልክ ብሎ ቀኙ ሲሊንደር ውስጥ ገባ። የሞላሁበት የኑግ ዘይት ነበርና ግቢው በነጭ ጭስ ታፈነ፤ ጎረቤቶቼ ወጥ አረረ ብለው እየተጯጯሁ ወጡ። ሲስተር ዘይነብ አፍንጫዋን በሻሽዋ ይዛ፣ "ማጥበቂያዋ የታለች? ጠበብ ብታደርገው ቀስ ብሎ አይሄድም ነበር?" አለችኝ። ልክ እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። ይህንን በአፌ ከማመን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቱቦውን በክር እያሰርኩ ስፈታ፣ ስፈታ ሳስር ሰነበትኩ። በመጨረሻ ተሳካልኝ። ዘይቱ በሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሞተሯም ሰከነች። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

መሣሪያውን ስነቅል የናስ ቱቦዎቹ አፍ መደፈን ነበረበት፤ አለዚያ አየር ይስባሉ። በደረቅ ሳሙና ደፈንኳቸው። የሚያፈስ የቤንዚን ታንክ በሳሙና ሲደፈን ጋራዥ ውስጥ ስንቴ አይቻለሁ። በማግስቱ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው በየቡ የገበያ ቀን ነው፤ የኩፍኝ ክትባት ተብሎ ለእናቶች ተነግሯል። ጋሽ ወርቁ በዚያው ማታ ከሊሙ ገብተው ኖሮ መንገድ ላይ አገኙኝ። መዳፋቸውን ዘርግተው ጭሱን አዳመጡና፣ "ጎበዝ! ቀዳዳውን በምን ደፈንከው?" አሉኝ።

"በሳሙና።"

"ሳሙና ለሸሚዝህ ነው! ሞተሩ ሲግል ይቀልጣል። ነገ በጠዋት ጠብቀኝ፣ ብሎን እገጥምልሃለሁ።"

"ነገ" የምትለዋን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ተዘጋ። "እሺ ጋሽዬ" አልኳቸውና በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሲስተር ዘይነብን አሳፍሬ ከከተማ ወጣሁ።

ማለዳው ደስ ይል ነበር። በመንገዱ ዳር ቀይ ቡና ምንጣፍ ላይ ተሰጥቷል፤ ከማጠቢያዎቹ የሚመጣው የገለባ ሽታ እንደ ጠላ ጭንቅላት ላይ ይወጣል። ሲስተር ዘይነብ ከቤቷ የያዘችውን በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ እየቆነጠረች አጎረሰችኝ። የየቡ ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሯ መንተፋተፍ ጀመረች፤ ከዚያ ቆመች።

ካንዴላ ነው ብዬ ካንዴላ ፈታሁ። ቤንዚኑ ቆሽሾ ነው ብዬ ካርብራተር ፈታሁ። መልሼ ገጠምኩ፣ አስነሣሁ፣ ጠፋች፣ እንደገና ፈታሁ። ሳሙናው ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ሽው ሲለኝ አባረርኩት። ፀሐይዋ ከጀርባችን ተነሥታ አናታችን ላይ ወጣች። ሲስተር ዘይነብ ሳጥኑን በቡና ቅጠል እየሸፈነች ስታየኝ ቆየችና፣ "ስማ፣ ስትነሣ ታፏጫለች እኮ" አለችኝ። ጎንበስ ብላ አውራ ጣቷን ቀኙ የናስ ቱቦ አፍ ላይ ጫነች። ሞተሯ ሰከነች። ሳሙናው ቀልጦ ገብቷል። እዚያው የቡና ዛፍ ጭራሮ ቆርጬ ወሸቅሁበትና በአንዲት ደቂቃ ተጠናቀቀ። ግማሽ ቀን ያቃጠልኩት ለዚህች ነበር።

የቡ ስንደርስ ቀትር አልፏል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ጤና ኬላው ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሲስተር ዘይነብ ሳጥኑን ከፈተች፣ እጇን ከተተችበት፣ መልሳ ዘጋችው። "ያ ረቢ" አለች ቀስ ብላ። በረዶው ለብ ያለ ውኃ ሆኗል፤ ክትባቱ ከእንግዲህ ለማንም አይሰጥም። እናቶቹ እያጉረመረሙ ሲበተኑ አራት ልጆች ያስከተለች፣ እግሯ ሁሉ አቧራ የሆነ አንዲት ሴት ወደኔ መጣች።

"ቦሩ ኒ ዱፍቱ?" አለችኝ። ነገ ትመጣላችሁ ወይ ማለቷ ነው።

አፍሬያለሁ፣ ደክሞኛል፣ ሴትየዋ እንድትሄድልኝ ብቻ ፈልጌያለሁ። "ኤዬ፣ ቦሩ" አልኳት፤ አዎ፣ ነገ። ጭንቅላቷን ነቅንቃ ልጆቿን ሰብስባ ሄደች።

"ለምን ዋሸሃት?" አለችኝ ሲስተር ዘይነብ።

"ምን ልበላት ታዲያ?"

"በወሩ ነው የምንመጣው፣ በላት! ወላሂ፣ ሰው እኮ ናት!"

ወደ ሴትየዋ ብዞር ገበያው ውጧታል። ጅማ ስንመለስ ደግሞ ጋሽ ወርቁ በጠዋት ሁለት ብሎኖች ይዘው፣ እንዳሉት በሰዓቱ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው እንደነበር ሰማሁ።

በወሩ ስንሄድ ብሎኖቹ ተገጥመዋል፤ መሣሪያዬም አዲስ ማጥበቂያ ገብቶላት እንደ ሰዓት ትሠራለች። ጋሽ ወርቁ ራሳቸው እየተዋሱኝ ነበር። የየቡን ዳገት አንዴም ሳንቆም ወጣነው። ብዙ ልጆች ተከተቡ። እኔ ግን ያቺን ባለ አራት ልጅ በዓይኔ ብፈልጋት አጣኋት። የጤና ኬላውን ዘበኛ ጠየቅሁት።

"እሷማ በማግስቱ መጥታ ነበር" አለኝ። "ከነልጆቿ። እስኪመሽ እዚህ ደጅ ቁጭ ብላ ጠበቀቻችሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።"

ሐኪም ቤት በተኛሁ በሁለተኛው ቀን ነርሷ ግሉኮሱን ነቅላ ቱቦውን ልትጥል ስትል ማጥበቂያዋን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። "ምን ያደርግልዎታል?" ብላ እየሳቀች አውጥታ ሰጠችኝ። አሁን ይህንን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ጋሽ ወርቁን በ"ነገ" ስንቴ አማኋቸው! እሳቸው የመጨረሻዋን አክብረው መጡ። የኔን አንዲት "ነገ" ግን ያቺ እናት አምናት፣ አራት ልጆች አስከትላ፣ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና በእግሯ መጣችበት።