ነፋስ ስልክ ድረስ፣ ለታመመ ዲስክ

ጠዋት፣ ብስራተ ገብርኤል

ከቤት ስወጣ የሸኘኝ የአከራዬ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ በሩ። የምሄደው ነፋስ ስልክ፣ ወይዘሮ ጽጌ የሚባሉ ደንበኛዬ ከቤታቸው ፊት ለፊት ክፍል ወደ ከፈቱት የጽሕፈት አገልግሎት ነው። ትናንት ቢሮ ደውለው ኮምፒውተሩ ሲሠራ እየቆመ አስቸገረኝ ብለዋል። በውስጡ ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሉ፤ የሁለቱንም ጤና የሚከታተል ፕሮግራም የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። በአንደኛው የደንበኞች ሥራ አለ። በሁለተኛው ያለው ባለፈው ክረምት ያረፉት ባለቤታቸው፣ ጋሽ ግርማ፣ ሲጽፉት የኖሩት መጽሐፍ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ዲስኩ ከሞተ መጽሐፉም አብሮ መቀበሩ ነው።

መካኒሳ

ታክሲው ካልሞላ ንቅንቅ አልልም ብሎ ቆመ። ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ አንድ በግ ጭምር ጫነብን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሳልጠይቃቸው ቆሎ ዘገኑልኝ። ስሜን ቢጠይቁኝ ደስ ባለኝ፤ አልጠየቁኝም። ከወረድኩ በኋላ ያለውን መንገድ ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ በእግሬ ሄድኩ።

ቀትር፣ ነፋስ ስልክ

ኮምፒውተሩ ጥቁር ነጠላ ተደርቦበት እየሠራ ነው። ነጠላውን ሳነሳው የሳጥኑ ሙቀት እጄን ለበለበኝ። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ሁሉም ደህና ነው ይላል፤ ግን ከሚጠብቃቸው ዝርዝር ውስጥ ያለው አንድ ዲስክ ብቻ ነው።

«የጋሽ ግርማስ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ከዝርዝሩ ያወጣሁት፣ ልጄ። ሐዘን ተቀምጠን ሳለ ይጮህብኝ ጀመር። ሰው ሊያስተዛዝን መጥቶ ወደሱ ይዞራል። ለቅሶ ቤት ነውር አይደለም?»

ጩኸቱ ማስጠንቀቂያ እንደነበር ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነጠላውን አየሁና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ዲስኩን ወደ ዝርዝሩ ስመልሰው ወዲያው ቀይ ምልክት በራ። ቀዝቀዝ እስኪል አሳርፌው፣ መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ ወደ ፍሎፒ መገልበጥ ጀመርኩ። ወይዘሮ ጽጌ ሽሮ አቀረቡልኝ፤ እሳቸው ግን አልቀመሱም። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለና ዝም አለ። ብሞክር፣ ብሞክር እንቢ አለ።

መጨረሻው እንደቀረ ነገርኳቸው።

«እሱስ መች ጨረሰው» አሉ፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ሌላው አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

የሞተውን ዲስክ ከዝርዝሩ ልሰርዘው ስል እጄን ያዙኝ። «አንዴ አውጥቼዋለሁ። ሁለተኛ አይወጣም።»

ድምፁን ብቻ አጥፍቼ ስሙን ተውኩት። ፕሮግራሙ በየጠዋቱ ይጠራዋል፤ መልስ አያገኝም። ችግር ካለ ይደውሉልኝ ብዬ የአከራዬን ስልክ ቁጥር ሰጥቻቸው ወጣሁ።

ማታ፣ ብስራተ ገብርኤል

ሲመሻሽ ገባሁ። ጫማዬን ጠርጌ፣ ዳቦ በሻይ በልቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያናግሩት ሰው በሌለበት ቤት ማታ አይገፋም። በዚህ መሃል አከራዬ በሩን አንኳኩተው ስልክ አለህ አሉኝ። ሌላው ዲስክ ሞተ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ገባህ ወይ፣ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «ጭቃው አሳስቦኝ ነው።»

«ገብቻለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ደህና እደር።»

ለዲስኮች በየጠዋቱ አለህ ወይ የሚላቸው ፕሮግራም እየጫንኩ እንጀራዬን ስበላ፣ እኔን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ እንደማያውቅ የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው። ስልኩን ከዘጋሁም በኋላ እጄን አላነሳሁም። ለእኔ ስልክ ሲደወል ሰምተው የማያውቁት አከራዬ በድንጋጤ ያዩኛል።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «መግባቴን ሊጠይቁ ደውለው ነው።»